ከፍተኛ የደም ስኳር፡ ምርመራ፣ የዕለት አያያዝና የክትትል ቀጣይነት በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ

ከፍተኛ የደም ስኳር ማለት ከምግብ የሚገኘው ግሉኮስ ወደ ሕዋሳት በበቂ ሁኔታ ሳይገባ በደም ውስጥ ከመደበኛው መጠን በላይ ሲከማች የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ግሉኮስን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ነው። በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል ወይም እጅግ አነስተኛ መጠን ብቻ ያመነጫል፤ በመሆኑም ታካሚው ያለ ኢንሱሊን መርፌ በሕይወት መቆየት አይችልም። በብዛት በሚታየው ዓይነት ሁለት ደግሞ ሰውነት ኢንሱሊኑን በአግባቡ መጠቀም ይሳነዋል፤ የሚመነጨውም መጠን በጊዜ ሂደት ይቀንሳል። በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የስኳር መጨመርም አለ።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። አካባቢው ዛሬም የቢሮ ሠራተኛ የሚበዛበት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መሥራት፣ በእረፍት ሰዓት ስኳር የበዛበት ማኪያቶ ወይም ለስላሳ መጠጥ፣ ምሽት ላይ ዘግይቶ የሚበላ ከባድ እራት ለዓይነት ሁለት የሚያጋልጡ ልማዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሕመሙ “የሀብታም በሽታ” ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ቀጭን ሰውም፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውም፣ ሕፃንም ይታመማል።

የምርመራ ውጤት አነባበብ

ተደጋጋሚ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የዓይን ብዥታና ቶሎ የማይድን ቁስል የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ዓይነት ሁለት ግን ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት ሊቆይ ስለሚችል፣ በቤተሰቡ የስኳር ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት ያለበት ወይም ክብደቱ የጨመረ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ መመርመር ይኖርበታል።

ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በስተቀር ምግብም መጠጥም ሳይወሰድ በሚደረግ ምርመራ ውጤቱ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ከዚህ በታች ሆኖ ከመደበኛው ከፍ ያለ ውጤት ቅድመ ስኳር ይባላል። ምልክት ባለበት ሰው ላይ በማንኛውም ሰዓት የተወሰደ ምርመራ 200 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሕመሙ ይረጋገጣል። ምልክት በሌለበት ሰው ግን ምርመራው መደገም አለበት። ጠዋት ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቶ “ምግብ አልበላሁም” ብሎ መመርመር በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። የሦስት ወር ገደማ አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ጾም አይጠይቅም፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሕመሙን ያመለክታል።

አገልግሎቱን ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ጤና ጣቢያው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይልካል። በክፍለ ከተማው የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል ከሚሰጡት አንዱ ነው።

ገበታ፣ እንቅስቃሴና ጾም

ሁለንተናዊ አያያዝ ሲባል ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍ፣ የአእምሮ ሰላምና መድኃኒት በአንድነት ማለት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እንጀራ፣ የጤፍም ቢሆን፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ስለዚህ ጥያቄው የሚበላው እንጀራ መጠን ነው። በአገራችን አስቸጋሪው ነገር ከአንድ ገበታ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ታካሚው ድርሻውን አስቀድሞ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ጎመንና ሰላጣውን አብዝቶ ምስሩንና ሽሮውን ቢጨምርበት መጠኑን መቆጣጠር ይችላል። “ጉርሻ” የሚያቀርብ ዘመድም ይህንን ቢያውቅ መልካም ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው።

ለአዋቂዎች የሚመከረው እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ተመጣጣኙ ነው። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በታክሲ የሚመላለስ ሠራተኛ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ በእግሩ ቢሄድ የዚህን ከፊል ያሟላል።

በጾም ወቅት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ ምሽት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረኃብና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም ሊሰጥ አይገባም። ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪም ማማከር የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም በምክሩ ቢሳተፉ ታካሚው ያለ ጸጸት ውሳኔ ላይ ይደርሳል።

መድኃኒት፣ የባህል ቅጠላ ቅጠልና ጠበል

አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሺፈራው ስኳር ያወርዳሉ ተብሎ በሰፊው ይነገራል። በምግብነት መጠቀማቸው አይከለከልም፤ ሜትፎርሚንን ወይም ኢንሱሊንን አቋርጦ በእነርሱ መተማመን ግን ለዓይን፣ ለኩላሊትና ለእግር ጉዳት ይዳርጋል። ከመድኃኒት ጋር በብዛት ሲወሰዱም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርዱ ስለሚችሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ጠበልን በተመለከተ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ መግለጻቸው ይታወሳል። የስኳር ታካሚም ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ በባዶ እግሩ ሲቆምም ቁስል እንዳይፈጠር እግሩን በየዕለቱ ይመልከት። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ቁስል ሳይሰማ ሊሰፋ ይችላል።

የመኖሪያ አካባቢ ሲቀየር

በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ለስኳር ታካሚ ቤት መቀየር ማለት ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ፣ የሚያውቀው ነርስና “ዛሬ መድኃኒትህን ወስደሃል?” የሚል ጎረቤት በአንድ ጊዜ መቀየር ማለት ነው። የዓይነት አንድ ታካሚ ኢንሱሊን በጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ለሕይወት አስጊ ነው።

ስለዚህ የሚዛወር ታካሚ ከመሄዱ በፊት ከሚከታተልበት ተቋም የሕክምናውን ማጠቃለያና የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ የዝውውር ወረቀት መቀበል ይኖርበታል። ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት በእጁ ሊኖር ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው በአዲሱ አድራሻው የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያስተናግደው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ። አስቀድመው የተዛወሩና ክትትላቸው የተቋረጠባቸው ሰዎች የቀድሞ ካርዳቸው ባይገኝም እንኳ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ ይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ይገባል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ አይወሰድም። የተከፈተው ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ በክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርጎ ውኃ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። በዕቃ ማጓጓዝ ወቅት ከጓዝ ጋር በመኪና ጭኖ ፀሐይ ላይ ከመተው ታካሚው ራሱ በቦርሳው ቢይዘው ይመረጣል።

ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ የሚሸት የአፍ ጠረን ወይም መደናገር ከታየ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።