ይጠመቃል፣ ይጣላል፣ ይበረዛል

ከጓሮ የተቆረጠ ጌሾ ቤት ሲገባ ይከፋፈላል፤ ቅጠሉ በአብዛኛው ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ግሡም አብሮ ይለያያል። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል። ከሴቶቹም አንዷ ጠላ ጠማቂ፣ ሌላዋ ጠጅ ጣይ ትባላለች።

የጠመቀ ዘር ግልጽ ነው። በግዕዝ ነገሩ ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ ጥምቀትም አጥማቂም ከዚያው ይወጣሉ። ካህኑ ሕፃኑን ሲያጠምቁ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ለክርስትናው ድግስ ጠላ ትጠምቃለች። ፋብሪካው እንኳ ሥራውን «ቢራ ጠመቃ» ብሎ ጠራ እንጂ ሌላ ቃል አልፈለገም።

ጠጅ ግን ከግዕዝ አልመጣም ለማለት የሚያስደፍር ነገር አለ። ግዕዝ የማርን መጠጥ ሜስ ይለዋል፤ ትግርኛም ዛሬ ድረስ ሜስ ነው የሚለው። አማርኛ መዓርን ተቀብሎ፣ የጉሮሮውን ድምፅ ውጦ ማር አደረገው፤ ከማሩ የሚወጣውን መጠጥ ግን በሌላ ስም ጠራው። ያ ስም ደግሞ ከማር አልፎ ሄደ። ከወይን የሚጠመቀውም «የወይን ጠጅ» ተባለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነህምያ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነው፤ ያ ንጉሥ ብርሌ አይቶ ባያውቅም!

ከሁሉ የሚገርመኝ የብርዝ ዕጣ ነው። ብርዝ ማር በውኃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ የሚጠጣው ነው፤ ለልጅም፣ መጠጥ ለማይቀምስ እንግዳም ይቀርባል። ግሡ በረዘ፣ ማለትም ቀላቀለ፣ አቀጠነ ነው። ዛሬ ይህ ግሥ ክስ ሆኗል፦ ታሪክ ተበረዘ፣ ባህል ተበረዘ፣ ቋንቋው ተበረዘ። እኔ ፍርዱ አድልዎ ያለበት ይመስለኛል። ያልተበረዘ ማር ጠጅ አይሆንም። ስኳሩ ከመጠን በላይ የጠና ስለሆነ እርሾ አይሠራበትም፤ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውኃ ሲገባበት ነው መፍላት የሚጀምረው። ጌሾውም የሚጨመረው ለዚያ ለተበረዘው ነው።

ጠነሰሰም እንዲሁ ከጋኑ ወጥቶ ሄዷል፤ ሴራ ይጠነሰሳል። በዚህኛው ቅሬታ የለኝም፤ ሴራም እንደ ድፍድፍ ተከድኖ ነው የሚብላላው። ጉሽ ግን ሁለት ኑሮ አለው። ወንዝ ሲጎሽ ውኃ ቀጂ እንስራዋን ይዛ እስኪጠል ትጠብቃለች፤ ጠላ ጉሽ ሲሆን ግን ሳይጠል ቅዱልኝ የሚል አይጠፋም።