የሞተር ሴንሰር ሲግናል ማስተካከያ ቦርድ

ከሞተር ሴንሰሮች የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሲግናል አጣርቶና መጥኖ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚያቀርብ፣ ለአንድ ሞተር ታስቦ የሚነደፍ ሰርኪዩት ቦርድ ነው።

ነዳፊውን በብዛት የሚያደክመው፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረውን ጎማ ጥርሶች የሚያነበው የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ነው። ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ያለው ዓይነት ሞተሪኖ ሲያዞረው ከ1 ቮልት በታች፣ ሞተሩ ሲፈጥን ግን በአስር የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል። ሲግናሉ እንደ ጥርስ የሚቆጠርበት የቮልት ወሰን ቋሚ የሆነበት ንድፍ ሞተሩ ሲነሳ ጥርስ ይስታል፣ አለዚያም ሲፈጥን የካንዴላን ረብሻ እንደ ጥርስ ይቆጥራል። ኤልኤም1815 የተባለው ቺፕ ወሰኑን ካለፈው ሞገድ ጫፍ 80 በመቶ አካባቢ ላይ እያደረገ ይህን ይፈታል፤ የጥርሱን ማለፍ የሚያሳውቀውም ሞገዱ ዜሮን ሲያቋርጥ ነው። የሴንሰሩ ሁለት ሽቦዎች ከተገለበጡ የእሳት ሰዓቱ ይዛባል።

የሙቀት ሴንሰር ቀላል ነው፤ ከ5 ቮልት የሚያገናኘው ሬዚስተርና ትንሽ ካፓሲተር ይበቃዋል።

የአየር ግፊት ንባብ ከቦታው ከፍታ ጋር ይለዋወጣል። ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጅማ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሴንሰሩ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ያነባል፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ መርካቶ ሌላ ሴንሰር ፍለጋ መውጣት ከንቱ ወጪ ነው።

ዲናሞው እየሞላ ሳለ ባትሪው ቢላቀቅ ቮልቴጁ ከ60 ቮልት በላይ ሊዘል ስለሚችል የመግቢያው መከላከያ ዳዮድ አይዘለልም። የሴንሰር ግራውንድም ከኢንጀክተርና ከኮይል ተለይቶ ይሄዳል።

በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች፣ የቡና መፈልፈያ የሚያዞሩትን ጨምሮ፣ ለመሥራት ይህ ቦርድ አያስፈልጋቸውም።