«ብላክ ሆክ ዳውን»፦ ሌሊቱን የደረሱት ሙስሊሞች

የሪድሊ ስኮት «ብላክ ሆክ ዳውን» ሲጀምር ከሚያስነብበን ጽሑፍ አንዱ እ.ኤ.አ. በጁን 1993 ሞቃዲሾ ውስጥ ስለተገደሉ 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ነው። ሊያልቅ ሲል ደግሞ አንድ ፓኪስታናዊ የውሃ ብርጭቆ በትሪ ደርድሮ ስታዲየም ለደረሱት አሜሪካውያን ያቀርባል። መጀመሪያ ላይ ሟች፣ መጨረሻ ላይ አስተናጋጅ። ሙስሊም ተመልካች ሆኜ ስቀመጥ የቆረቆረኝ በሁለቱ መካከል የተዘለለው ታሪክ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን የአሜሪካ ሬንጀርና ዴልታ ወታደሮች የሶማሊያውን የጦር አበጋዝ የጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድን ሁለት ሹማምንት ለመያዝ ባካራ ገበያ አካባቢ ገቡ። ሁለት ሄሊኮፕተር ተመትቶ ወደቀ፣ ወታደሮቹም ተከበው አደሩ። ሰብረው የወጡት የማሌዥያ ብረት ለበሶችና የፓኪስታን ታንኮች አሜሪካውያን እግረኞችን ይዘው ሌሊቱን ስለደረሱላቸው ነው። ማት አዝናን አዋንግ የተባለው የማሌዥያ ወታደር እዚያው ሞተ። ተሽከርካሪዎቹ በፊልሙ ይታያሉ፤ ነጂዎቹ ግን ስም የላቸውም። ማሳረጊያው ላይ ከ1,000 በላይ ሶማሌዎች መሞታቸው ይነገርና የ19 አሜሪካውያን ስም ይዘረዘራል። የማት አዝናን የለም። ፓኪስታናዊው ፕሬዚዳንት ሙሻራፍ በግለ ታሪካቸው ቅሬታቸውን ጻፉ፤ ማሌዥያውያን ደግሞ በ2023 የራሳቸውን ፊልም ሠሩ።

«ብላክ ሆክ ዳውን» ሶማሌዎችን ጨካኝ አድርጎ አሳየ የሚለው ክስ ብቻውን አያረካኝም። የአይዲድ ሰዎች የረሀብተኛ እህል መዝረፋቸው እውነት ነው። የሞቱ አሜሪካውያን ወታደሮች ሬሳ በመንገድ የተጎተተበት ድርጊትም ነቢያችን የከለከሉት ነውር ነው፤ በእስልምና ስም የሚከላከልለት ካለ አፍሮ ይቀመጥ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያ ሕዝብ ለምን እንዲህ ተቆጣ? ከዚያ ውጊያ በፊት ጁላይ 12 ቀን የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች የአይዲድ ወገን የአገር ሽማግሌዎችና ሹማምንት የተሰበሰቡበትን ቤት በሚሳኤል ደበደቡ። የቀይ መስቀል ኮሚቴ 54 ሟች ቆጠረ፤ ሶማሌዎቹ 73 ነው አሉ። የማርክ ቦውደን መጽሐፍ ይህን ይተርካል፣ ከመጽሐፉ የተወሰደው ፊልም ግን አያነሳውም። ምክንያቱ ሲወጣ የሚቀረው ከየጣሪያው የሚተኩስ ጥቁር ሕዝብ ብቻ ነው።

በፊልሙ የምትታየው ከተማም ሞቃዲሾ አይደለችም፤ የሞሮኮዋ ሳሌ ናት። ከሙዚቃው የሚሰማው ድምፅ የሴኔጋላዊው ባባ ማልና የአልጄሪያዊው ራሺድ ታሃ ነው። የሙስሊም አገር መንገድና የሙስሊም ዘፋኝ ጉሮሮ ለፊልሙ ተፈልጓል፤ ዋናዎቹን የሶማሌ ገጸ ባሕርያት የሚጫወት ሶማሌ ግን አልተገኘም። የአይዲድ ገንዘብ አቅራቢ የነበረው ኡስማን አቶ ራሱን በፊልሙ ሲያይ እኔ ሲጋርም አላጨስ፣ የጆሮ ጌጥም አላደርግ ብሎ ነበር።

ለፍትሕ ያህል፣ ቀረጻው ያለቀው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊት ነው። ሲኒማ ቤት የገባው ግን ከጥቃቱ ጥቂት ወራት በኋላ ስለነበር፣ የጎሳና የሥልጣን ጦርነት የነበረው ነገር የሃይማኖት ጦርነት መስሎ ታየ። ያኔ የደረሱት ታንከኞች ሙስሊም መሆናቸው ቢነገር ኖሮ ይህ ሥዕል ባልቆመ ነበር። ሞቃዲሾ ውስጥ ደግሞ የተቀዳው ካሴት በቪዲዮ ቤቶች ሲታይ ተመልካቹ ሄሊኮፕተር በወደቀ ቁጥር አጨበጨበ። ይህም ቢሆን ደስ የሚል አይደለም፤ በዚያ ሌሊት ብዙ የሞተው የራሱ ሰው ነው።

ፊልሙ የሚያበቃው ወታደሮቹ ሲወጡ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 1993፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ተፈላጊ ጄኔራል አይዲድ ለሰላም ድርድር አዲስ አበባ መጣ። ያመጣው የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ነበር።