ሞንታ ወይስ ከሪ? (ስለሄደው፣ ስለቀረውና ስለኔ አንድ ስህተት)

ዛሬም ታሪክ ነው፤ ግን ስለ አድዋም ስለ ዘመነ መሳፍንትም አይደለም። ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ስልኩን ይዞ መጣ። የስቴፈን ከሪን ቪዲዮ እያየ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ በአንድ ወቅት ከቡድኑ ሊሸጥ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው? እንዴት ያለ ደደብ ነው ከሪን ለመሸጥ የሚያስበው?» አለኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ሳቄ ቆም አለ። ምክንያቱም ያንን «ደደብ» አውቀዋለሁ። በ2012 ኮሌጅ ሆኜ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የኤንቢኤ ውጤት እየፈለግሁ ሳለ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ከሪን ነበር የምሸጠው።

ለምን? እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለእግር ኳስ ሰዎች አንድ ነገር ላስቀድም። በኤንቢኤ ተጫዋች እንደ ማንቸስተር ወይም እንደ አርሰናል በገንዘብ አይገዛም፤ በዋናነት ሰው በሰው ይለወጣል። አንዱን ስትፈልግ ሌላውን ትሰጣለህ። ስለዚህ እየተሸነፈ ያለ ቡድን ሁልጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማንን ላስቀር? ማንን ልስጥ?

ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ደግሞ መሸነፍ የለመደ ቡድን ነበር። ያኔ የሚጫወተው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ነው። ከ1995 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ፕሌይ ኦፍ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2007። እሱም ቢሆን ተአምር የሚባል ነበር። በስምንተኛ ደረጃ ገብቶ፣ በመደበኛው ውድድር 67 ጨዋታ ያሸነፈውን ዳላስን ጣለው። የኦክላንድ ሰው ያንን ቡድን እስከ ዛሬ ያነሳል።

በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ሞንታ ኤሊስ። የሚሲሲፒ ልጅ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ኮሌጅ ሳይረግጥ፣ በ2005 በ40ኛ ተራ የተመረጠ። ፍጥነቱ ለጉድ ነው! በዚያው በ2007 ከሊጉ ተጫዋቾች ይበልጥ የተሻሻለው ተብሎ ተሸለመ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲበተኑ እሱ ቀረ። በ2010–11 በጨዋታ በአማካይ 24.1 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ከ48ቱ ደቂቃ ከ40 በላይ እየተጫወተ። ቡድኑ ይሸነፋል፣ ሞንታ ያስቆጥራል፣ ሕዝቡ ሞንታን ብሎ ይመጣል። በቃ፣ ሕይወት እንዲህ ነበር።

ከሪ የመጣው በ2009 ነው። ሰባተኛ ተመራጭ ሆኖ። ከሱ በፊት ሚኔሶታ አምስተኛና ስድስተኛውን ምርጫ ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ለጋርድ አዋለው፤ ሁለቱም ግን ከሪ አልነበሩም። ሰው ያየው ቀጭን፣ የሕፃን ፊት ያለው፣ ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ነው።

ሞንታ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገረ፦ እኔና ይሄ ልጅ አብረን መጫወት አንችልም፤ ሁለታችንም ትንንሾች ነን። ሰው «ቅናት ነው» አለው። እንደ ታሪክ አስተማሪ ግን ሰውየው ለምን እንደተናገረው ሳይሆን ያለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ነው የማየው። የመጀመሪያው ዓመት 26 አሸንፈው 56 ተሸነፉ። ሁለተኛው ዓመት 36 ለ46። ሞንታ አልተሳሳተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ቁመታቸው አንድ ሜትር ከ90 ገደማ ነው። ሁለቱም ኳሷን እጃቸው ላይ ይፈልጓታል። ሲከላከሉ ረጃጅሞቹ ጋርዶች በላያቸው ይወረውራሉ። አልፎ የገባውን ደግሞ ቅርጫቱ ስር ቆሞ የሚመልስ ትልቅ ሰው የላቸውም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው። ዋሪየርሶች ሁለት ባላ ተከሉ፤ ግን ጎን ለጎን፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ። ቤቱ በሌላው ወገን ተዘመመ።

ታዲያ አንዱ መሄድ ካለበት ማን ይሂድ?

እዚህ ጋ ነው ተማሪዬ የማያየው ነገር ያለው። የከሪ ቁርጭምጭሚት። በ2011 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በቀጣዩ የውድድር ዘመን፣ በባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ወደ 66 ጨዋታ ባጠረው ዓመት፣ የተጫወተው 26 ብቻ ነው። በኤፕሪል 2012 እንደገና ቢላዋ ስር ገባ። ዲሴምበር 2011 ላይ ዋሪየርሶች ክሪስ ፖልን ለማግኘት ከሪን ለመስጠት ዝግጁ እንደነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። ፖል እንደማይቆይ ሲታወቅ ቀረ። እንግዲህ «ከሪን ያስቀሩ ጥበበኞች» የምንላቸውም እርግጠኛ አልነበሩም ማለት ነው።

ማርች 13 ቀን 2012 ውሳኔው መጣ። ሞንታ ኤሊስ፣ ከሁለት ቁመተ ረጃጅም ተጫዋቾች ጋር፣ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። በምትኩ አንድሪው ቦገትና ስቴፈን ጃክሰን መጡ። ቦገት ሁለት ሜትር ከ13 የሆነ አውስትራሊያዊ ሴንተር ነው፤ ሞንታ 40ኛ በተመረጠበት በ2005 አንደኛ የተመረጠው እሱ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ቦገት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ቁጭ ብሏል!

አሁን ራሳችሁን በደጋፊው ቦታ አስቀምጡ። ጤነኛውን ሰጡ። ቁርጭምጭሚቱ የታመመውን አስቀሩ። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ደግሞ ጨመሩ። እኔ ብሆን ኖሮ ቴሌቪዥኑን እሰብር ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ማርች 19፣ የክለቡ የቀድሞ ኮከብ ክሪስ ሙሊን የሚከበርበት ምሽት ነበር፤ 17 ቁጥር ማሊያው ለዘላለም ሊሰቀል። የክለቡ ባለቤት ጆ ሌከብ ማይክ ይዞ ወጣ። አዳራሹ በጩኸት አፈነው። ሙሊን መጥቶ ለማብረድ ሞከረ፤ አልሆነም። የጥንቱ ጀግና ሪክ ባሪ ተነስቶ ሕዝቡን ተቆጣ፤ ጩኸቱ ባሰ። ዛሬ ያንን ቪዲዮ ስታዩ ሕዝቡ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሕዝብ በዚያ ምሽት የሚያውቀውን ብቻ ይዞ ነው የጮኸው፤ የሚያውቀው ደግሞ ለመጮህ ይበቃ ነበር።

ታዲያ ወሳኞቹ ምን አዩ? እኔ እንደሚገባኝ፣ ጥያቄውን ለወጡት። ሕዝቡ «ዛሬ የሚበልጠው ማነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ለዚህ መልሱ ሞንታ ነው፤ ክርክር የለውም። እነሱ ግን «የጎደለን ምንድነው? እሱን የሚያመጣልን ማነው?» ብለው ጠየቁ። የጎደለው ሴንተር ነው። በታመመ ቁርጭምጭሚት ሴንተር አይመጣም። በሞንታ ግን ይመጣል።

ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ሞንታ የሄደው ስለማይረባ አይደለም። ዋጋ ስለነበረው ነው የሄደው።

ሌላም አለ። በ2011 ክሌይ ቶምሰን የሚባል ጋርድ መርጠው ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኳስ ብዙ ሳይዝ ይወረውራል፣ ረጃጅሞቹን ይከላከላል። ማለትም ከሪ አጠገብ መቆም ያለበት ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ሞንታ ሲሄድ ቦታው ተከፈተ።

ግን ደግሞ ሁሉንም ጥበብ አናድርገው። ዕድልም አለ። ያንን ዓመት 23 አሸንፈው 43 ተሸንፈው ጨረሱ። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸው ከሰባተኛ ካለፈ ለዩታ የሚሰጥ ነበር። ስንተኛ ደረሳቸው? ልክ ሰባተኛ! ሀሪሰን ባርንስን መረጡበት። ጃክሰንን ወዲያው ለሳን አንቶኒዮ አሳልፈው ባገኙት ምርጫ ፌስተስ ኢዚሊን ወሰዱ። በ35ኛ ደግሞ ድሬይመንድ ግሪን መጣ። ይሄን ሁሉ ማርች 13 ላይ ማንም አላወቀም።

ኦክቶበር 31 ቀን 2012 ለከሪ የአራት ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። «በዚህ እግር?» ያለ ሰው ብዙ ነበር። በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታ 78ቱን ተጫወተ። ቡድኑ 47 አሸነፈ፣ ዴንቨርን ጥሎ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ። እግሩ አስፈርቶ ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ያ ውል፣ ኋላ ከሪ የዓለም ኮከብ ሲሆን፣ ክለቡ ለሌሎች የሚከፍለው ገንዘብ እንዲተርፈው አደረገ።

ፈተናው በ2014 ተመለሰ። አሁን ጥያቄው ክሌይን ሰጥተው ኬቨን ላቭን ያምጡ ወይ የሚል ነው። ላቭ ያኔ ትልቅ ስም ነበር። አማካሪው ጄሪ ዌስትና አዲሱ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር አይሆንም አሉ፤ ክሌይ ቀረ። ጃንዋሪ 23 ቀን 2015 ክሌይ በአንድ ሩብ ብቻ 37 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ጁን ዋሪየርስ ከ40 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ አየሁት። ያ ሕዝብ የጮኸበት ቦገትም ዋንጫውን ካነሱት አንዱ ነበር።

ሞንታስ? በ2013 ዳላስ ገባ፣ እዚያም አስቆጠረ፣ በ2017 ከኤንቢኤ ወጣ። አንድም ጊዜ ለኦል ስታር ሳይመረጥ። ተማሪዬ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ከሪ ላይ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ቡድኑን በመከራው ዓመታት የተሸከመው ግን ግርጌ ማስታወሻ ሆነ። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ የቀረውን ያገንናል፣ የሄደውን ይረሳል።

አሁን ወደራሴ ልምጣ። ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ዲፕሎማዬን ይዤ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱን የቅርጫት ኳስ ቡድን «አንተ ኳስ ትወዳለህ» ብለው ሰጡኝ። ሲሚንቶ ሜዳ፣ መረብ የሌለው ቅርጫት፣ 12 ማሊያ። ለውድድር ልንሄድ ነው፤ 11 ልጅ መርጫለሁ፤ አንድ ማሊያ ቀረ። ሁለት ጋርዶች አሉ። አንዱ ፈጣን፣ የሚያስቆጥር። ሌላው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቁርጭምጭሚቱ ቶሎ ቶሎ የሚያብጥ፤ በሻሽ ጠምጥሞ ነው የሚጫወተው። ግን ኳስ ሲያቀብል ሌላውን ልጅ የተሻለ ተጫዋች ያደርገው ነበር።

እግሩን አየሁና ወሰንኩ። «አንተ ዘንድሮ ዕረፍ» አልኩት። ልጆቹ ሁሉ ፊት። ምንም አላለም፤ ሻሹን ፈታና ኪሱ ከተተ።

ሄድን፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን ተመለስን። አምስት ልጅ ሜዳ ላይ ነበረኝ፣ አምስቱም መወርወር ይፈልጋሉ፣ የሚያቀብል የለም። «ዛሬ የሚበልጠው ማነው?» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። «የጎደለን ምንድነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ልጁ ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ አልታየም።

ከሪ ይሆን ነበር እያልኩ አይደለም። ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። የማላውቀው ደግሞ እኔው ስላስቀረሁት ነው። የከሪ ታሪክ የሚያስደስተን ውሳኔው ሲፈተን ስላየን ነው። እኛ መምህራን የምንወስነው ግን አብዛኛው አይፈተንም። «አንተ አትችልም» ያልነው ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ትክክል መሆናችንን ጠይቆ የሚመጣ የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትክክል የሆንን ይመስለናል።

አምና አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ስወርድ «ቲቸር፣ ቅርጫቱ መረብ ገባለት?» ብሎ ጠየቀኝ። አልገባለትም አልኩት። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ከኋላ መኪና ጥሩንባ ነፋብን፣ ሄደ። ያልኩት ያንን ብቻ ነው። ይሄን የምታነብ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ልልህ የነበረው ይቅርታ ነው። ልጆቹ ሁሉ ፊት ስለሆነ የተናገርኩህ፣ ይቅርታውም ሰው ሁሉ ፊት ይሁን።

ለ11ኛ ክፍሉ ልጅ የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ «ደደቦች አልነበሩም። ነገን ሳያዩ የሚወስኑ ሰዎች ነበሩ፤ እንደኔም እንደአንተም።» ብዙም አልጣመውም፤ ቪዲዮውን ቀጠለ።

ዓርብ የዘንድሮውን ቡድን ስም ዝርዝር አስገባለሁ። ሦስት ጋርድ አለኝ፣ ቦታው ለሁለት ነው። አንዷም እግር ላይ ብቻ አይቼ አልወስንም። የማላስቀረውን ልጅ ደግሞ ለብቻው ጠርቼ፣ ምክንያቱን ነግሬው፣ ልምምድ ግን እንዳይቀር አደርጋለሁ። ይሄን ያህል ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

እናንተስ፣ በ2012 ብትሆኑ ማንን ታስቀሩ ነበር? እውነቱን ብቻ። መልካም ሳምንት።