በጦር ሰፈር መሬት ያለ ቅርስ እንዴት ይገመገማል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ከፍታዎች ጦር ሳይሰፍርባቸው የቀሩበት ዘመን ጥቂት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሳሉ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። የደቡብ አፍሪካ ጦርና ኢትዮጵያውያን አርበኞች ደግሞ ከኮምቦልቻ በላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ሰብረው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ያዙ። የዚያ ዘመን ምሽግና የካብ ርዝራዥ፣ ከሥሩም ሊኖር የሚችለው የጥንት መንደር ወይም መቃብር፣ መሬቱ ለሌላ ሥራ ከመዋሉ በፊት መጠናት አለበት።

ለጦር ሰፈር ወይም ለተኩስ መለማመጃ የታጠረ መሬት ለቅርስ ጠላትም ወዳጅም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር የሳልስበሪ ሜዳ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወታደራዊ ይዞታ ሥር ስለቆየ ከዘመናዊ ጥልቅ እርሻ ተርፏል፤ የጥንት ገበሬዎች የማሳ ወሰን ዛሬም በዚያ ይታያል። ነገር ግን አንድ ዶዘር ለምሽግ የሚቆፍረው ጉድጓድ ብዙ መቶ ዓመት የቆየውን በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል።

ግምገማው ከቁፋሮ አይጀምርም። አስቀድሞ የቆዩ ካርታዎችና ጽሑፎች ይመረመራሉ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ። ቀጥሎ ባለሙያዎች መሬቱን በእግር እያሰሱ የሸክላ ስባሪ፣ የተጠረበ ድንጋይና የካብ መስመር ይመዘግባሉ። አነስተኛ የሙከራ ጉድጓድ የሚቆፈረው ከዚህ በኋላ ነው። ዕድሜ፣ ብርቅነትና ከታሪክ ጋር ያለው ትስስር ይመዘናሉ፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን ቅርሱ በነበረበት ቦታና ሁኔታ መገኘቱ ነው።

ለዚህ ከደቡብ ወሎ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ስላለ፣ ያን የሚያህል ብረት ወደዚያ ከፍታ ለማውጣት የተከፈለውን ድካም ቦታው ራሱ ያስረዳል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ዘርፎ የወሰዳቸውና በለንደን ሙዚየሞች የሚገኙት ዕቃዎች ግን ከቦታቸው ተነጥለዋል።

በማሳ ላይ የተገኘ ማሰሮም እንዲሁ ነው። ተነሥቶ ቤት ከገባ፣ ስለ ቦታው ሊነግረን ከሚችለው አብዛኛው ይጠፋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስም እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል። በሚያርስበት ጊዜ ያገኘ ገበሬም ከዚህ ውጪ አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ፣ አግኚው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ በማስታወቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም አዋጁ ይደነግጋል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንኑ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጥብቅ ቦታ ብሎ ባወጀው አካባቢ ደግሞ ያለ ፈቃድ መገንባትም መቆፈርም ክልክል ነው።

ከቀድሞ የጦር ሜዳ የሚገኝ ብረት ሁሉ ግን ቅርስ አይደለም። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ዝጎም ቢሆን ይገድላልና የሚያጠራጥር ነገር ያየ ሰው ሳይነካው ርቆ፣ ልጆችንም አርቆ፣ ለፖሊስ ያመልክት። የቆየ ግንብ፣ መቃብር ወይም የተቀረጸ ድንጋይ ከሆነ ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ቢቻል ፎቶ አንሥቶ፣ ለወረዳው ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።