ኅዳር ሲታጠን፣ ቀባሪ ሲጠፋ

ኅዳር 12 ቀን እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ቆማችሁ ቁልቁል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ ዓመት ሞክሩት፡፡ ከየመንደሩ የሚነሳው ጭስ እየተያያዘ ከተማዋን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፡፡ ሽሮ ሜዳም፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንም፣ የካም ይጨሳል፡፡ ግቢ ይጠረጋል፣ ጉድፉ ይከመራል፣ እሳት ይለቀቅበታል፡፡ ኅዳር ሲታጠን ነው፡፡ ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ "በሽታ እንዲወጣ" ይሏችኋል፡፡ የትኛው በሽታ? እዚህ ላይ ብዙው ሰው ዝም ይላል፡፡

በተለምዶ የሚነገረው በ1911 ዓ.ም. ስለገባው በሽታ ነው፡፡ ዓለም "የስፔን ኢንፍሉዌንዛ" ይለዋል (ምስኪን ስፔን! በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ ነገሩን በግልጽ ጻፉ፤ ስሙ እሷ ላይ ተለጥፎ ቀረ)፡፡ በመላው ዓለም ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደፈጀ ይገመታል፡፡ እኛ ዘንድ በከፋበት ወር ተጠርቶ "የኅዳር በሽታ" ተባለ፤ "የነፋስ በሽታ" ያሉትም ነበሩ፡፡ የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ዓመት ተኩል ገደማ ነበር፡፡ ዓለም ቀርቦን ነበር፤ በሽታውም አብሮ ቀረበ፡፡

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም አንስተውታል፡፡ በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነሱም የሞቱ ነበሩ፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት እንደሚለው በአዲስ አበባ ብቻ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሰው አልቋል፡፡ ለዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ይህ ስንት ቤት እንደዘጋ አስቡት፡፡

እኔን የሚከነክነኝ ግን ከሞቱ ቀጥሎ ያለው ነው፡፡ ቀባሪ ጠፋ፡፡ ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው ራሱ ታሞ ተኝቷል፡፡ በአንድ ጉድጓድ ብዙ አስከሬን እየተደረበ ተቀበረ፤ ጉድጓዱም ጥልቀት ስላልነበረው ጅብ እያወጣ በላው፡፡ ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም፡፡ ሞትን እንችለዋለን፤ ያለ ቀባሪ መቅረትን ግን አንችለውም፡፡ "ቀባሪ አያሳጣህ" የሚለው ምርቃት ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም፡፡

ማዘጋጃ ቤት የሚባል ነገር በስም ነበረ፡፡ ቀበሌ ግን የለም፣ ወረዳ ጤና ጣቢያ የለም፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው የለም፡፡ የነበረው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም ወደቀ፡፡ እድርን የወለደው ይህ በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፡፡ እንዲህ አድርጎ መደምደም ድፍረት ነው፤ ብዙ አጥኚዎች የከተማ እድርን መስፋፋት ከገጠር ፈልሶ ከመጣው ሰውና ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ነው የሚያያይዙት፡፡ ቢሆንም የቀብር ነገር ለአጋጣሚ መተው እንደሌለበት ያቺ ከተማ በደንብ ታውቅ ነበር፡፡

እንጦጦ ራሷም በኋላ ሌላ ነገር አሳይታናለች፡፡ ኤችአይቪ በጸናበት ዘመን ከየአገሩ ወደ ጸበሉ የመጣው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ አካባቢው ቤት ተከራይቶ የሚጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ያቋረጠ ነበረበት፡፡ ነጻው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም የጤና ባለሙያ ምክር ብቻውን አልሠራም፡፡ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል ተናገሩ፡፡ ያው ምክር ነው፤ የተናገረው አፍ ግን የሚሰማ አፍ ነበር፡፡

ከዚያ 2012 መጣ፡፡ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፡፡ ኮተቤ ያለው ሆስፒታል ለኮሮና ተለቀቀ፡፡ በዚያው ሰሞን ካህናት ጽና ይዘው ጎዳናውን አጠኑ (የ1911ዱ ሰው ቢነሳ ይህን ብቻ ነበር የሚያውቀው)፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሙቀት መለኪያ ይዘው በየበሩ አንኳኩ፡፡ ወረዳዎች ማዕድ ማጋራት አሉ፤ ዱቄትና ዘይት ተሰበሰበ፡፡

ከባዱ ሥራ የወደቀው ግን እድር ላይ ይመስለኛል፡፡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል መጀመሪያ የተነካው ለቅሶው ነው፡፡ ሰው እንዳይበተን የተቋቋመ ማኅበር ሰው እንዳይሰበሰብ ማስተማር ነበረበት፡፡ አዋጁን በቴሌቪዥን ማንበብ ቀላል ነው፤ ሐዘንተኛዋን "እናታችን፣ ዘንድሮ ድንኳን አንጥልም" ማለት የእድሩ ዳኛ ዕዳ ነው፡፡ በመንግሥት ቁጥር በአገሪቱ በኮሮና የሞተው ከ7,500 በላይ ነው፤ የእያንዳንዱ ቀብር ግን የአንድ ሰፈር ጉዳይ ነበር፡፡

የ1911ዱን ኅዳር የምናውቀው ብዕር የያዙ ጥቂት ሰዎች ስለጻፉት ነው፡፡ ማን ለማን እንደቆፈረ፣ ማን ለጎረቤቱ ውኃ እንዳቀበለ የጻፈ ግን ከስንት አንድ ነው፤ የቀረን ጭሱ ነው፡፡ እሱንም ቢሆን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባለሙያዎች ለሳንባ አይበጅም እያሉን ነው፡፡ የሳንባ በሽታ ለማባረር ሳንባ ማጨስ፣ ያውም በፌስታል!

የ2012ቱ ግን ገና አልጠፋም፡፡ የእድር ጸሐፊ ደብተር አለው፤ ማን እንደሞተ፣ ስንት ብር እንደወጣ፣ ድንኳኑ ስንት ወር ሳይጣል እንደቆየ ይጽፍበታል፡፡ እናንተ ሰፈር ያለውን ጸሐፊ ታውቁት የለ? የዚያን ዓመት ደብተር አይጥ ሳይበላው ሄዳችሁ አስወጡት፡፡