የግርጌ ማስታወሻ ገበያ ሲወጣ

ድርጅት የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ «ኤስኢኦ ሠርተን ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚል ሰው ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ባክሊንክ፣ ኪይወርድ፣ ክሊክ፣ ኮንቨርዥን እያለ ቃላቱን ያዥጎደጉደዋል፤ ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ክፍያውም ይፈጸማል። ከእነዚህ ቃላት ዋነኛው፣ ሊንክ ማለቴ ነው፣ ዋጋ ያገኘው ግን ነጋዴ ዘንድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ የግርጌ ማስታወሻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የምርምር ጽሑፎችን በርዕሰ ጉዳይ ብቻ ከመመደብ ማን ማንን እንደጠቀሰ እንመዝግብ የሚል። መዝገቡ በ1960ዎቹ መታተም ጀመረ። መምህራን ለማዕረግ ዕድገት ስንቴ እንደተጠቀሱ የሚቆጥሩት ልማድ ከዚያ የወረደ ነው።

ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ሲጀመር ይህ ሐሳብ አልነበረም። በ1990 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አለን ኤምቴጅ የሠራው «አርቺ» የሚያገኘው የፋይል ስም ብቻ ነበር። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ ስታንፎርድ ሆነው የጀመሩት ያሁ ደግሞ ድረ ገጾችን በሰው እጅ በየፈርጁ ያሰፍር ነበር። ቀጥለው የመጡት፣ እንደ አልታቪስታ ያሉት፣ ገጹ ላይ ያሉትን ቃላት ያያሉ። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? የፈለገውን ቃል መቶ ጊዜ በነጭ ቀለም ነጭ ገጽ ላይ ጻፈ። አንባቢ አያየውም፣ ማሽኑ ያነበዋል። «ኤስኢኦ» የሚለው ስም በሰው አፍ የገባው በዚሁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው።

ከ1996 ጀምሮ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪዎች ወደ ጋርፊልድ መንገድ ተመለሱ። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚዘረጋውን ሊንክ እንደ ጥቅስ ቆጠሩት። ደግሞም ሁሉንም እኩል አልቆጠሩም፤ ራሱ ብዙ የተጠቀሰ ሰው ሲጠቅስህና ትናንት የተመዘገበ ጀማሪ ሲጠቅስህ አንድ አይደለም አይደል? ስሌቱን በፔጅ ስም «ፔጅራንክ» አሉት። በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ላይ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር የመፈለጊያ አገልግሎት ለአስተዋዋቂዎቹ ማድላቱ እንደማይቀር ጽፈው ነበር። በ2000 ጥቅምት ላይ ጉግል ራሱ «አድወርድስ» ብሎ ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ! በክሊክ ልክ ማስከፈሉን እንኳ ከእነሱ ቀድሞ በ1998 ገበያ ያወጣው የቢል ግሮስ «ጎቱ» ነበር። «ኦርጋኒክ» የሚባለው ውጤት እንግዲህ ያልተከፈለበት ማለት ነው፤ ከእርሻ ጋር አይገናኝም።

ሊንክ ዋጋ ሲያወጣ የሚሸጠውም መጣ። በየካቲት 2006 የቢኤምደብሊው የጀርመን ገጽ ለጉግል አንድ፣ ለጎብኚ ሌላ ነገር ሲያሳይ ተገኝቶ ለጥቂት ቀናት ከፍለጋው ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ደግሞ ጄሲ ፔኒ ለተባለው የአሜሪካ መደብር በማይመለከታቸው ገጾች ላይ ሊንክ በገፍ እንደተተከለለት ኒው ዮርክ ታይምስ አወጣ፤ መደብሩ እኔ አላዘዝኩም ቢልም ከላይኛው ደረጃ መውረዱ አልቀረም። በሚያዝያ 2012 ጉግል «ፔንግዊን» የተባለውን ማሻሻያ ለቆ እንዲህ ያለውን ሊንክ በጅምላ ዋጋ አሳጣው። እንዲህ ያለው ሥራ «ብላክ ሃት» ይባላል፤ ቃሉ መጥፎው ሰው ጥቁር ባርኔጣ ከሚደፋባቸው የካውቦይ ፊልሞች የመጣ ነው።

እኛ መምህራን በዚህ ለመሳቅ ባንቸኩል ይሻላል። «ጥቀሰኝ፣ ልጥቀስህ» ተባብለው ቁጥራቸውን ያሳበጡና በዚሁ የታገዱ የምርምር መጽሔቶች አሉ። በሽታው አንድ ነው።

ድርጅት ላላችሁ ግን አንድ ነገር፦ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ በይፋ ይናገራል። ስለዚህ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለውን ሰው ሊንኩን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቁት። አማርኛ ላይ ደግሞ ሌላም ጥያቄ አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የትኛውን ጽፎ ደንበኛ እንደሚፈልጋችሁ ያስብ እንደሆነ እዩት።

የእኛም የቤት ሥራ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚተየብባቸው ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዚያ ዘመን የተተየበ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ቢጫን፣ በአማርኛ የሚፈልገው ተማሪ አያገኘውም፤ ያላገኘውን ደግሞ አይጠቅስም። ዲስኬቱ እስካሁን መሳቢያችሁ ውስጥ ያለ፣ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ይዛችሁት ኑ።